ባልዲ እያለ አሸንዳ ምን ያደርጋል?

የአራት ኪሎ ሰው ብልህ ነው። አሸንዳ በበጋ አይነካም። በጥር ፀሐይ መሰላል ላይ ወጥቶ ደረቅ ቅጠል የሚዝቅ ሰው ቢገኝ ጎረቤት «ምን ነካው?» ነው የሚለው። አሸንዳ የሚጠገነው በሐምሌ ነው። ያውም ማታ፣ ያውም እየዘነበ፣ አንዱ መሰላሉን ይዞ ሌላው በስልኩ መብራት እያበራ። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ያሉት አበው የእኛን ፌስታል አላዩም። በተበሳ አሸንዳ ላይ ጥብቅ ተደርጋ የታሰረች ፌስታል ያለምንም ችግር ቡሄን ታያለች። ከዚያ ወዲያ እንቁጣጣሽ ነው። ማን ያስታውሳታል?

ደግሞ ለጋሶች ነን። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ ሲወርድ 1 ሊትር ውሃ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በዓመት 1,200 ሚሊ ሜትር ግድም ይዘንባል፤ አብዛኛው በክረምት። እንግዲህ 60 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ያለው ሰው በዓመት ወደ 72,000 ሊትር ውሃ ይቀበላል ማለት ነው። ይህን ሁሉ በአንድ ቱቦ አውርዶ ቦይ ውስጥ መድፋት ንፉግነት ነው። እኛ እናካፍላለን። ለጎረቤት ግድግዳ፣ ለራሳችን መሠረት፣ ታክሲ ለሚጠብቅ መንገደኛ ማጅራት። የጭቃ ቤትማ ድርሻው ከፍ ይላል። መጀመሪያ ምርጉ ከታች ይላጣል፣ ጭዱ ብቅ ይላል፣ ከዚያ ቋሚው ይበሰብሳል። ቤቱ ወደ መንገዱ ዘመም ሲል ሰላምታ እየሰጠ ነው ብላችሁ እለፉ።

የከተማ ግብርናም የጀመርነው እኛ ነን። ከስድስት ኪሎ ወረድ ስትሉ ቀና ብላችሁ እዩ። የባሕር ዛፍ ቅጠሉ፣ አቧራው፣ የጠፋችው ኳስና አንድ እግር ካልሲ አሸንዳው ውስጥ ተብላልተው ጥሩ አፈር ሆነዋል። ሣሩ ለምልሟል። ጎመን ቢዘሩበት አያሳፍርም።

የሚያስቸግረን ቆርቆሮ ሠሪው ብቻ ነው። «ውሃ የሚተኛበት አሸንዳ መጋጠሚያው ላይ ይዝጋል፣ በየሜትሩ ግማሽ ሴንቲ ያህል ወደ መውረጃው ዝቅ ይበል» ይላል። «የመውረጃው አፍ ላይ ወንፊት ሽቦ አድርጉ፣ ዳር እስከ ዳር የዛገውን አትለጥፉ፣ ቀይሩት» ይላል። ሥራ ወዳድ! ኧረ ባክህ ማስቲሽ ቀባ ቀባ አድርግበትና ውረድ።

አከራዮቻችን የገባቸው ነገር አለ። ተከራይ በነሐሴ የረጠበ ፍራሹን ጠቅልሎ ይመጣል።

«እትዬ፣ ኮርኒሱ እያፈሰሰ ነው። አሸንዳው ሞልቶ ወደ ውስጥ ይመልሳል።»

«አይ ልጄ፣ በዚህ ዝናብ ማን ጣሪያ ላይ ይወጣል? ክረምቱ ይውጣ።»

ክረምቱ ይወጣል። ተከራዩ ኅዳር ላይ ተመልሶ ይመጣል።

«እትዬ፣ ያ አሸንዳ...»

«አሁን ዘነበብህ?»

ምን ይመልሳል? ዝም ብሎ ኪራዩን ከፍሎ ይሄዳል። ኮርኒሱ ላይ ቡናማ ካርታ ቀርቶለታል፤ ማታ ማታ ጋደም ብሎ አገር ያጠናል።

የመንግሥት መሥሪያ ቤት ግን ይህን ጥበብ በሕግና በደንብ ይሠራበታል። በጀት ሰኔ 30 ይዘጋል፣ ሐምሌ 1 ይከፈታል። በሰኔ አሸንዳው ሲያፈስ «በጀት ተዘግቷል» ይባላል። በሐምሌ «ገና አልተለቀቀም» ይባላል። በነሐሴ ፋይሉ ላስቲክ ይለብሳል፣ ባልዲው ከኮሪደር ወደ ኃላፊው ቢሮ ያድጋል። አንድ የማውቀው ቢሮ ግን ተግቶ ጥቅምት ላይ ኮሚቴ አቋቋመ። ኮሚቴው ጠብታ በሌለበት ፀሐይ ጣሪያውን ዞሮ ተመለከተ። «ፍሳሽ አልተገኘም» ሲል ቃለ ጉባኤ ፈረመ። አበሉም በሰዓቱ ተከፈለ።