የስህተት ምላሽ ሁሉ ከአንድ ቦታ ይውጣ? ክርክር

ለክርክር የቀረበው ሐሳብ፦ በዌብ ፍሬምወርክ በተሠራ አፕሊኬሽን ውስጥ ማንኛውም የኤችቲቲፒ ስህተት በኤክሴፕሽን (የኮዱን መደበኛ ሂደት በሚያቋርጥ የስህተት ምልክት) ተወርውሮ፣ ምላሹ በአንድ ማዕከላዊ ሃንድለር (ስህተት ተቀባይ ኮድ) ተዘጋጅቶ መውጣት አለበት፤ ቪው (አንድን ጥያቄ ተቀብሎ የሚያስተናግደው ኮድ) ራሱ የስህተት ምላሽ መመለስ የለበትም።

ደጋፊ፦ ምላሹን ከሚቀበለው ወገን ልጀምር። የሞባይል አፕም ሆነ በብሮውዘር የሚሠራ ኮድ ስህተት ሲደርሰው ስታተስ ኮዱን (የምላሹን ዓይነት የሚገልጸውን ቁጥር) ያያል፣ ቦዲውን (የምላሹን ይዘት) ያነባል፣ ከዚያ ለተጠቃሚው ምን እንደሚያሳይ ይወስናል። ይህ የሚሠራው ቦዲው ሁልጊዜ አንድ ቅርጽ ሲኖረው ነው። እያንዳንዱ ቪው የራሱን የስህተት ምላሽ በሚጽፍበት ፕሮጀክት አንዱ «ኤረር» የሚል ቁልፍ ይልካል፣ ሌላው «ሜሴጅ» ይላል፣ ሌላው ባዶ ዝርዝር ይሰዳል፤ ማንም ያላሰበው ብልሽት ሲመጣ ደግሞ ፍሬምወርኩ የራሱን የኤችቲኤምኤል ገጽ ይልካል። ጄሰን የተባለውን የዳታ ቅርጽ የሚጠብቀው ፓርሰር (አንባቢ ኮድ) እዚያ ላይ ይወድቃል። ተጠቃሚው የሚያየውም ስለ ጄሰን አለመነበብ የሚናገር መልእክት ነው፤ የሰርቨሩ ችግር ከኋላ ተሸፍኖ ይቀራል።

ለዚህ መስፈርት ወጥቶለታል። በ2016 አርኤፍሲ 7807 ተብሎ የወጣውና በ2023 በአርኤፍሲ 9457 የተተካው ሰነድ አምስት መስኮችን ያስቀምጣል፦ ታይፕ፣ ታይትል፣ ስታተስ፣ ዲቴይል እና ኢንስታንስ። ስፕሪንግ የተባለው የጃቫ ፍሬምወርክ ከስሪት 6 ጀምሮ ለዚሁ የሚሆን ክላስ ይዞ መጥቷል። ይህን ቅርጽ አንድ ቦታ መጻፍ ቀላል ነው፤ በመቶ ቪው ውስጥ ሳይዛባ ማቆየት ግን አይቻልም። ሄደሮችም አሉ። 401 (ማንነት አልተረጋገጠም) የሚልክ ሰርቨር ተቀባይነት ያለውን የማረጋገጫ ስልት የሚገልጽ ሄደር አብሮ የመላክ ግዴታ አለበት፤ 405 የሚልክ ደግሞ ለዚያ አድራሻ የተፈቀዱትን ሜተዶች «አላው» በሚባለው ሄደር ይዘረዝራል። በጥድፊያ በተጻፈ ቪው ውስጥ እነዚህ ሁልጊዜ ይረሳሉ። ከሁሉ የከፋው ኤክሴፕሽኑን ወደ ጽሑፍ ቀይሮ ቦዲው ውስጥ መክተት ነው፤ የቴብል ስም፣ የኮለም ስም፣ የፋይል ዱካ ለማንም እንግዳ የሚሰጠው በዚህ መንገድ ነው።

ተቃዋሚ፦ እህቴ፣ ስለ ቅርጽ አንድነት ያልሽውን እቀበላለሁ። የዳታቤዝ ግንኙነት ሲቋረጥ፣ ዲስክ ሲሞላ፣ ባዶ እሴት ላይ ፈንክሽን ሲጠራ፣ ሁሉም ወደ ማዕከል ሄዶ 500 (የሰርቨር ብልሽት) ሆኖ ይውጣ። የምቃወመው አስቀድመን የምናውቃቸውን ውጤቶች በዚያው መንገድ መስደድን ነው። ማዕከላዊ ሃንድለር የሚያየው የኤክሴፕሽኑን ዓይነት እንጂ የተነሣበትን ሁኔታ አይደለም።

ትዕዛዝ የሚመዘግብ ኤፒአይ እንውሰድ። የተፈለገ ረድፍ ዳታቤዝ ውስጥ ሲታጣ «አልተገኘም» የሚል ኤክሴፕሽን ይነሣል። በዩአርኤሉ ላይ የተጠቀሰው ትዕዛዝ ከሌለ መልሱ 404 ነው። በቦዲው የተላከው የዕቃ ቁጥር ከሌለ ግን አድራሻው በቦታው አለ፣ ችግሩ የተላከው ይዘት ነው፤ ስለዚህ 422 ይገባዋል። የታክስ ተመኑን የያዘው፣ እኛው መሙላት የነበረብን ረድፍ ከጠፋ ደግሞ ጥፋቱ የሰርቨሩ ነው፤ 500 ሆኖ ማንቂያ ማስጮህ አለበት። ሦስቱም አንድ ዓይነት ኤክሴፕሽን ናቸው። ማዕከሉ ሦስቱንም 404 ሲያደርጋቸው ሦስተኛው ብልሽት ማንም ሳያየው ይከርማል። ጥያቄው ጌት (የማንበብ ጥያቄ) ከሆነማ ይብሳል፦ በአርኤፍሲ 9110 መሠረት 404 ግልጽ መመሪያ ባይሰጠውም ካሽ ሊደረግ (ለድጋሚ ጥቅም ሊቀመጥ) የሚችል ኮድ ነው፤ ረድፉ ከተሞላ በኋላም መሐል ላይ ያለ ካሽ አሮጌውን ስህተት ሊያድል ይችላል።

ሌላ ሰርቪስ ስንጠራም ያው ነው። የክፍያ ሰርቪሱ የእኛ ቁልፍ ጊዜው ስላለፈበት 401 መለሰልን እንበል። ኮዱን እንደመጣ የሚያሳልፍ ማዕከል ለራሳችን ክላየንት 401 ይልካል። ክላየንቱ የተጠቃሚው ሎጊን ያበቃ ይመስለዋል፤ ቶክኑን ጥሎ ሰውየውን ከአፑ ያስወጣዋል። መላክ የነበረበት 502 (ከኋላ ያለው ሰርቪስ ችግር) ነው፤ ይህን የሚያውቀውም ጥሪውን ያደረገው ኮድ ብቻ ነው።

ደጋፊ፦ ምሳሌዎችህ ልክ ናቸው ወንድሜ፤ ነገር ግን የሚያሳዩት መተርጎም እንደሚያስፈልግ እንጂ ቪው ምላሽ መጻፍ እንዳለበት አይደለም። ጥሪውን ያደረገው ኮድ የታችኛውን ኤክሴፕሽን ይያዝና ትርጉም ያለው ሌላ ይወርውር፦ «ትዕዛዙ የለም»፣ «የተላከው ዕቃ አይታወቅም»፣ «የክፍያ ሰርቪሱ አልመለሰም»። የመጀመሪያውን ኤክሴፕሽን መንስኤ አድርጎ ያያይዘው፤ ካላያያዘው ስታክ ትሬሱ (ስህተቱ የመጣበትን የጥሪ መስመር የሚያሳየው ዝርዝር) ይጠፋል። ማዕከሉ የሚያውቀው እነዚህን የአፕሊኬሽኑን የራሱን ዓይነቶች ብቻ ይሁን፤ የዳታቤዝ ላይብረሪው «አልተገኘም» በዝርዝሩ ውስጥ አይግባ። እንዲህ ከሆነ የታክስ ተመኑን ማንም ስላልተረጎመው በቀጥታ 500 ይሆናል፣ አንተም የፈለግኸው ይህንኑ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልሂድ፣ እሱም ትራንዛክሽን ነው፤ ይኸውም ሁሉም አብረው የሚጸኑ ወይም አብረው የሚሰረዙ የዳታቤዝ ሥራዎች ስብስብ። ጃንጎ በተባለው የፓይተን ፍሬምወርክ ላይ «አቶሚክ ሪኩዌስትስ» የሚባለው ቅንብር ሲበራ እያንዳንዱ ቪው በአንድ ትራንዛክሽን ውስጥ ይሠራል። ሮልባክ (የተጻፈውን መቀልበስ) የሚደረገው ግን ቪው ኤክሴፕሽን ሲወረውር ብቻ ነው። ቪው 400 (የተሳሳተ ጥያቄ) የሚል ምላሽ በእጁ ሠርቶ ቢመልስ ለጃንጎ ሥራው በሰላም ተጠናቋል፤ ኮሚት ያደርጋል፣ ማለትም የተጻፈውን ያጸናል። የትዕዛዙ ራስጌ ተመዝግቦ፣ ሁለተኛው ዕቃ ላይ ስህተት ተገኝቶ 400 ከተመለሰ፣ ክላየንቱ «አልተሳካም» ተብሏል፤ ዳታቤዙ ውስጥ ግን ግማሽ ትዕዛዝ ተቀምጧል። ክላየንቱ አስተካክሎ ሲልክ ሁለተኛ ራስጌ ይፈጠራል። ስፕሪንግም ላይ ትራንዛክሽኑ የሚቀለበሰው፣ ነባሪው ካልተቀየረ፣ የራንታይም ኤክሴፕሽን ወይም ኤረር ሲወጣ ነው። ፍሬምወርኮቹ የተሠሩት ስህተት ይወረወራል ብለው ነው።

ተቃዋሚ፦ ትራንዛክሽኑን እመለስበታለሁ። መጀመሪያ ማዕከል የምትይው ነገር በተግባር ምን ያህል ማዕከል እንደሆነ እንይ።

ፍላስክ በተባለው ሌላ ፍሬምወርክ ላይ ሰዎች ሁሉን ልያዝ ብለው ለመሠረታዊው የኤክሴፕሽን ክላስ ሃንድለር ያስመዘግባሉ። የኤችቲቲፒ ስህተቶቹም የዚያው ክላስ ልጆች ናቸው፤ ስለዚህ ሃንድለሩ ለሁሉም 500 የሚመልስ ከሆነ ተራው 404 ሁሉ 500 ይሆንና ማንቂያው ያለ ፋታ ይጮኻል። በብሉፕሪንት (በአፕሊኬሽኑ አንድ ክፍል) ላይ የተመዘገበ የ404 ሃንድለር ደግሞ ለማይታወቅ ዩአርኤል አይጠራም፤ መንገዱ ካልተገኘ የትኛው ብሉፕሪንት እንደሆነም አይታወቅምና። የኖድ ፍሬምወርክ በሆነው ኤክስፕረስ ላይ የስህተት ሚድልዌር (ጥያቄና ምላሽ የሚያልፍበት መካከለኛ ኮድ) አራት ፓራሜተር ሊኖረው ግድ ነው፤ የማይጠቀምበትን አራተኛ የሰረዘ ሰው ሚድልዌሩን ሳያውቅ ተራ ሚድልዌር አድርጎታል። በኤክስፕረስ 4 ከአሲንክ (ውጤቱን ቆይቶ ከሚሰጥ) ፈንክሽን የተወረወረ ኤክሴፕሽን ወደ ማዕከሉ አይደርስም፤ ከኖድ 15 ወዲህ ፕሮሰሱን ራሱን ይጥለዋል።

ፋስትኤፒአይ የተባለውን ፍሬምወርክ ተመልከቺ። ለመሠረታዊው ኤክሴፕሽን የተመዘገበ ሃንድለር የሚሠራው ከሁሉ ውጭ ባለው ንብርብር ነው፤ የኮርስ (ብሮውዘር ከሌላ ዶሜን የመጣን ምላሽ ለገጹ ኮድ እንዲሰጥ የሚፈቅደው ደንብ) ሚድልዌር ከእሱ በታች ስለሆነ 500 ምላሹ የኮርስ ሄደር ሳይዝ ይወጣል። ብሮውዘሩ ቦዲውን ለጃቫስክሪፕት አይሰጥም፣ በኮንሶሉ ላይም የኮርስ ስህተት ነው ብሎ ይጽፋል። ገንቢው የኮርስ ቅንብሩን ሲነካካ ይውላል፤ ችግሩ ግን ባዶ እሴት ነው። ያ በጥንቃቄ የቀረጽሽው ጄሰን ለማንም አልደረሰም።

ከአፕሊኬሽኑ ፊት ሆኖ ጥያቄዎችን የሚያስተላልፈው ፕሮክሲም የራሱን ስህተት ይልካል። ለምሳሌ ኢንጂንኤክስ ቅንብሩ ካልተቀየረ ከ1 ሜጋባይት በላይ የሆነ ቦዲ ሲመጣ 413፣ አፕሊኬሽኑ ለ60 ሴኮንድ ምንም ካልላከ 504 ብሎ ኤችቲኤምኤል ይሰዳል። እነዚህ ፍሬምወርክሽን አያልፉም።

ደጋፊ፦ እነዚህ የማዕከሉ ቅንብር ጉድለቶች ናቸው፣ እያንዳንዳቸውም መድኃኒት አላቸው። ፍላስክ ላይ ሃንድለሩ በመጀመሪያ የኤችቲቲፒ ስህተት መሆኑን ፈትሾ ከሆነ እንዳለ ይመልሰው። ኤክስፕረስ 5 የአሲንኩን ነገር ራሱ ይዞታል። ፋስትኤፒአይ ላይ ያልታሰበውን ኤክሴፕሽን ከኮርስ በታች በሚቀመጥ ሚድልዌር መያዝ ነው። ኢንጂንኤክስ የስህተት ገጾቹን በጄሰን ፋይል መተካት ይፈቅዳል፤ ክላየንቱም ቦዲውን ከመተርጎሙ በፊት የኮንቴንት ታይፕ ሄደሩን ይመልከት። አንድ ጊዜ ይስተካከላል፣ ያበቃል። በአንተ መንገድ ግን ጉድለቱ በየቪው ይበተናል፦ ማንኛውንም ኤክሴፕሽን ይዞ 400 የሚመልስ ሰው የራሱን ባግ የተጠቃሚ ጥፋት አስመስሎታል። የክትትል ሥርዓቱ የ400 ቁጥር ሲጨምር አይደነግጥም፤ ሎግ ውስጥም ስታክ ትሬስ የለም።

ተቃዋሚ፦ ማንኛውንም መያዝ እኔም አልደግፍም። በስም የሚታወቀውን ብቻ።

ቫሊዴሽንን እንይ። ኤክሴፕሽን የመጀመሪያው ስህተት ላይ ይቆማል። አምስት መስክ የተሳሳተበት ፎርም አምስት ጊዜ ተመላልሶ ነው የሚስተካከለው። 429 (ጥያቄ በዝቷል) ብዬ ምላሽ ስሰጥም ክላየንቱ ምን ያህል ሴኮንድ መጠበቅ እንዳለበት የሚያውቀው ቆጣሪውን የያዘው ኮድ ነው፤ ማዕከሉ ግምት ካልጻፈ በቀር የሚለው የለውም።

ደጋፊ፦ ሁሉንም የመስክ ስህተቶች ሰብስቦ መጨረሻ ላይ አንድ ኤክሴፕሽን መወርወር ነው፤ የጃንጎ ሬስት ፍሬምወርክ ሲሪያላይዘሮች (የመጣውን ዳታ የሚፈትሹ ክላሶች) የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። የሴኮንዱ ቁጥርም በኤክሴፕሽኑ ውስጥ መስክ ሆኖ ይሄዳል። እንዲያውም ኤክሴፕሽንም ሆነ በእጅ የተሠራ ምላሽ የማይረዳበት አንድ ቦታ አለ፦ ስትሪሚንግ። ሄደሩ 200 ብሎ ከወጣ በኋላ ኮዱን መቀየር አይቻልም። ትልቅ ፋይል በቁራጭ ሲላክ መሐል ላይ ብልሽት ከመጣ ግንኙነቱን ሳይጨርሱ መቁረጥ ነው ያለው፤ ክላየንቱ መጉደሉን የሚያውቀው በዚያ ነው። በሰላም የዘጋ መስሎ ከተዘጋ የጎደለ ሪፖርት ሙሉ ተደርጎ ይነበባል። ስለዚህ ፈቃድን መፈተሽ፣ ኩዌሪውን ማስጀመር፣ የመጀመሪያውን ረድፍ ማንበብ፣ እነዚህ ሁሉ የመጀመሪያው ቁራጭ ከመውጣቱ በፊት ይጠናቀቁ።

ተቃዋሚ፦ በዚህ አንለያይም። ወደ ትራንዛክሽኑ ልመለስ፣ ምክንያቱም የአንቺን ማዕከል የሚጥለው እሱ ራሱ ነው። ሬስት ፍሬምወርክ ላይ ኤክሴፕሽኑን ማዕከሉ ይይዘዋል፤ ይዞ ምላሽ ስላደረገው ወደ ትራንዛክሽኑ ብሎክ አይደርስም። ያም ሆኖ ሮልባክ የሚሆነው ነባሩ ሃንድለር «ሴት ሮልባክ» የሚባለውን ፈንክሽን ስለሚጠራ ብቻ ነው። አንቺ እንዳልሽው አርኤፍሲ 9457ን ለመከተል ብሎ የራሱን ሃንድለር የጻፈና ነባሩን ያልጠራ ሰው ሮልባኩን አጥቷል። ቦዲው ያማረ ሆኖ ግማሽ ትዕዛዙ ኮሚት ይደረጋል፣ ያውም በሁሉም ቪው ላይ በአንድ ጊዜ።

በቦታው መያዝ ግድ የሚሆንበትም አለ። አንድ ኢሜይል ሁለት ጊዜ እንዳይመዘገብ ዳታቤዙ ላይ የዩኒክ ገደብ አለ እንበል። አስቀድሞ «አለ ወይ?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም፤ ሁለት ጥያቄዎች እኩል ሲመጡ ሁለቱም «የለም» ይባላሉ። እውነቱ የሚታወቀው ሲጻፍ ነው። ፖስትግሬስ ላይ ያ ጽሑፍ ከወደቀ ትራንዛክሽኑ በሙሉ ይታገዳል፤ ቀጥሎ የሚላክ ኩዌሪ ሁሉ ውድቅ ነው። ስለዚህ ጽሑፉን በውስጠኛ «አቶሚክ» ብሎክ እከበዋለሁ፣ ይህም ሴቭፖይንት (ትራንዛክሽኑ ሳይፈርስ ወደ ኋላ የሚመለስበት ነጥብ) ይፈጥራል። ኤክሴፕሽኑን ከብሎኩ ውስጥ ሳይሆን ከውጭው እይዛለሁ፤ ውስጥ ከያዝሁት ጃንጎ መውደቁን ሳያውቅ ይቀጥላልና። የተጣሰው ገደብ የኢሜይሉ መሆኑን በስሙ እፈትሻለሁ፣ ካልሆነ እንደገና እወረውረዋለሁ። ከሆነ 409 (ግጭት) እመልሳለሁ። ይህን ጽሑፍ ከሌሎቹ በፊት ስለማስቀድመው የሚቀለበስ ነገር አይኖርም።

ደጋፊ፦ ነባሩን ሃንድለር መጀመሪያ ጠርቶ የመለሰውን ምላሽ ቅርጽ ብቻ መቀየር ያን ክፍተት ይዘጋዋል፤ ማስጠንቀቂያህ ግን ተገቢ ነው። የሴቭፖይንቱን አሠራርም እስከ መጨረሻው መስመር ድረስ እከተልሃለሁ፤ የምለየው 409ኙን መመለስ ላይ ነው። ማስቀደም የሚሠራው ገደቡ አንድ ሲሆን ነው። ምዝገባው በኢሜይል ዩኒክ የሆነ ተጠቃሚና በስም ዩኒክ የሆነ ድርጅት አብሮ የሚፈጥር ከሆነ አንዱ የግድ ሁለተኛ ይሆናል። ድርጅቱ በስም ግጭት ሲወድቅ ተጠቃሚው ተጽፎ አልቋል፤ ቪውህ 409 ብሎ ሲመልስ እሱ ኮሚት ይደረጋል። ሰውየው የድርጅቱን ስም ቀይሮ ሲልክ በዚህ ጊዜ የራሱ ኢሜይል «ተይዟል» ይባላል፣ ከዚያ መውጫ የለውም። በቴስት ማየት ይቻላል፦ የተያዘ የድርጅት ስም ያለው ጥያቄ ላክ፣ 409 መምጣቱን ፈትሽ፣ ከዚያ በተጠቃሚዎች ቴብል ውስጥ ያሉትን ረድፎች ቁጠር። ቴስቱ አቶሚክ ሪኩዌስትስ በርቶ ይሂድ። 409ኙ ተወርውሮ ከሆነ ቁጥሩ አልጨመረም፤ በእጅ ተመልሶ ከሆነ፣ ሮልባኩን አብረህ ካልጠራህ በቀር፣ አንድ ጨምሯል።

ተቃዋሚ፦ እንዲህ ባለው ቪው ላይ እወረውራለሁ። አንድ ጊዜ ብቻ የሚጽፍ ቪው ላይ ግን 409ኙን እመልሳለሁ፤ ቴስቱንም በሁለቱም ላይ አስቀምጣለሁ።