ጸጋ ሁሉ መድረክ ላይ አይወጣም

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ኮንፈረንስ ሲደርስ ባነር ይሰቀላል። ባነሩ ላይ የተጋባዡ አገልጋይ ፎቶ ጎልቶ ይታያል። ከስሙ በፊት «ነቢይ» ወይም «ሐዋርያ» የሚል ማዕረግ ይቀመጣል። የኢየሱስ ስም ከተጋባዡ ስም አንሶ የተጻፈበትም አይቻለሁ። ከልቤ አዝኛለሁ።

በጸጋ ስጦታ አምናለሁ። ትንቢትም ፈውስም ልሳንም ዛሬም ለቤተ ክርስቲያን ይሰጣል ብዬ የምቀበል ሰው ነኝ። የሚያሳስበኝ ስጦታው የባለቤቱ መታወቂያ እየሆነ መምጣቱ ነው። ለጉባኤው የተሰጠውን ሰውዬው ለራሱ ስም መሥሪያ ያደርገዋል፤ ጉባኤውም እልል ብሎ ያጅበዋል።

ይሄ አዲስ በሽታ አይደለም። ጳውሎስ ስለ ስጦታ በሰፊው የጻፈው ለቆሮንቶስ ምዕመናን ነው። ቆሮንቶስ የሞቀች የንግድ ከተማ ነበረች። ቤተ ክርስቲያኗም ስጦታ አልጎደላትም። ግን «እኔ የጳውሎስ ነኝ»፣ «እኔ የአጵሎስ ነኝ» እየተባባሉ ተከፋፍለው ነበር። ለጌታ እራት ሲሰበሰቡ እንኳን አንዱ ቀድሞ በልቶ ይጠግባል፣ ሌላው ጦሙን ያድራል። ዛሬ ወጣቶቻችን «እኔ የነቢይ እገሌ ልጅ ነኝ» ሲሉ ስሰማ ቆሮንቶስ ትዝ ትለኛለች።

ለነዚሁ ሰዎች ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ 12 ስጦታዎችን ሲዘረዝር እኛ ሁልጊዜ ዘለን የምናልፈው አንድ አለ። ተአምራት ይላል፣ ፈውስ ይላል፣ ቀጥሎ እርዳታን ይጠራል። ያውም ከልሳን በፊት። ለፈውስ ኮንፈረንስ እናዘጋጃለን። ለእርዳታ ግን ማን ተጠርቶ ያውቃል?

እርዳታ ምን እንደሚመስል ማወቅ ለሚፈልግ ቦሩ ሜዳ ቅርባችን ነው። ቦሩ ሜዳ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ የሰበሰቡትን የሃይማኖት ጉባኤ ነው። ከብዙ ዓመታት በኋላ ግን እዚያው ሚስዮናውያን የሥጋ ደዌ ሕሙማን የሚታከሙበት ሆስፒታል ከፈቱ። ሥጋ ደዌ ነርቭ ይጎዳል። እግሩ የደነዘዘ ሰው ጠጠር ቢወጋው፣ እሳት ቢልሰው አይሰማውም። ቁስሉ ውስጥ ውስጡን ይሄዳል። ስለዚህ መድኃኒት ብቻውን አይበቃም። እግሩ ውሃ ውስጥ ይዘፈዘፋል፣ የደደረው ቆዳ ቀስ ተብሎ ይፋቃል፣ ውሃው ሳይደርቅ ቫዝሊን ይቀባል። ነገም እንደዚያው። ከነገ ወዲያም። ዘመድ የሸሸውን ሰው እግር ይዞ ዝቅ ብሎ መቀመጥ ጸጋ ካልሆነ፣ ጸጋ ምን እንደሆነ አላውቅም። ጌታም በዮሐንስ 13 ማበሻ ጨርቅ ታጥቆ ያደረገው ከዚህ የራቀ አይደለም።

በ2013 ክረምት ደግሞ ከሰሜን ወሎ የተፈናቀለው ሕዝብ ደሴ ሲገባ ትምህርት ቤቶቻችን ሞሉ። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ምጣዱን ጣደ። እንጀራው በመሶብም በፌስታልም ሄደ፣ «አብሽሩ» እየተባለ ታደለ። የዚያን ሰሞን ጥያቄ ትልቅ ድስት ያለው ማን ነው፣ ትርፍ ብርድ ልብስ ያለው ማን ነው የሚል ነበር። ማን ነቢይ ነው ብሎ የጠየቀ አልሰማሁም።

ትሕትና ስንል ግን ሌላም ጣጣ አለብን። ሽማግሌው አንዲትን እናት «እትዬ፣ ሕፃናቱን ቢይዙልን» ይላቸዋል። «ውይ ልጄ፣ እኔ ምን አውቄ! የተማሩት እያሉ» ይላሉ። ደግሞ ይለምናል፣ ደግሞ እምቢ ይላሉ። ኋላ የተማረ ተብሎ አንድ ወጣት ይመደባል፤ ልጆቹ ግን ፕሮግራሙ ሲያልቅ ሮጠው የሚጠመጠሙት እሳቸው ላይ ነው። እምቢታው ጨዋነት ነው፣ ወሎ እንዲህ አሳድጎናል። ይሁን እንጂ ጴጥሮስ ስጦታ የተቀበለውን ሁሉ መጋቢ ይለዋል። መጋቢ የጌታው እህል ተሰጥቶት «እኔ ማን ነኝና» ብሎ ጎተራውን ቢቆልፍ የሚራበው ሌላ ሰው ነው። ጳውሎስም በሮሜ 12 ከልክ በላይ አታስቡ ብሎ አይተውም፤ በልክ አስቡ ይላል። ልኩ ወደ ታችም ይሠራል።

መድረክ ላይ ያለው አገልጋይ ትሕትናው የሚታወቀው ደግሞ ሲመዘን ነው። አንገት መድፋትና ድምፅን ማለስለስ ማንም ይችላል። በ1ኛ ቆሮንቶስ 14 ነቢያት ሁለት ወይም ሦስት ሆነው ይናገሩ፣ ሌሎቹም ይለዩ ተብሏል። ተቀምጦ ላለው ቢገለጥለት የሚናገረው ዝም ይበል ተብሏል። ማይክ ይዞ የቆመ ነቢይ ለሌላው ሲል ዝም ማለት አለበት ማለት ነው! እኛ ጋ ግን አንድ ምዕመን «የተነገረኝ ትንቢት አልሆነም» ሲል «የተቀባውን አትንኩ» ተብሎ ይዘጋል። ያ መዝሙር 105 የሚናገረው ስለ አብርሃም፣ ስለ ይስሐቅና ስለ ያዕቆብ ነው፤ ከአገር አገር ሲንከራተቱ ነገሥታት እንዳይጎዷቸው። የተጎዳን ሰው አፍ ለማስያዝ የተጻፈ አይደለም። እዚህ ላይ ሽማግሌዎች ፈርታችሁ ዝም አትበሉ። በእናንተ ዝምታ ስንት ሰው ተሰብሮ ቤቱ ቀርቷል።

መስከረም ላይ አገልግሎት ሲመደብ ሁለት ነገር እለምናለሁ። ባነር የሚያሠራው ኮሚቴ ከስም በፊት ያለውን ማዕረግ ይተው። ሁለተኛው ይበልጣል። ከገጠር ለሕክምና መጥተው አስታማሚ የሌላቸውን ሰዎች ሆስፒታል ድረስ ሄዶ ማን እንደሚጎበኝ፣ ማን ምሳ እንደሚያመላልስ በስም ይመደብ። በሐዋርያት ሥራ 6 ማዕድ እንዲያገለግሉ የተመረጡት ሰባት ሰዎች ተጸልዮላቸው እጅ ተጭኖባቸዋል። እኛም ምሳ ዕቃ ለሚያመላልሱት እሁድ ጠዋት፣ ጉባኤው ሙሉ እያለ፣ እንጸልይላቸው፤ እጅ እንጫንባቸው።