ጓሮ ያሳበደው ሰው ይታከም ወይስ ይመስገን?

ተከራካሪዎቹ ደብረ ብርሃን አንድ ግቢ ውስጥ የሚኖሩ እህትና ወንድም ናቸው። ታላቅ እህት አስተማሪ ናቸው፤ ከትምህርት ቤት መልስ ያለው ሰዓት በሙሉ የጓሮ ነው። ታናሽ ወንድም ገና አላገባም። ቤተሰብ በተሰበሰበበት "እትዬን ጓሮ ይዟቸዋል፣ ጠበል ይግቡ" ብሎ ስለተናገረ ነገሩን በጽሑፍ እንዲጨርሱት ተደረገ። ስማችን ይቅር ብለዋል። የሰፈሩ ሰው ግን ማንነታቸውን ለማወቅ አጥራቸው ላይ የተሰጣውን ጭቃ የነካው ብርድ ልብስ ማየት ይበቃዋል።

ከሳሽ (ወንድም)

እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና በቃል ብጀምር "ቆይ ይቺን ላጠጣና እመጣለሁ" ይሉኛል። ያቺ ማጠጣት ደግሞ ሳይመሽ አታልቅም። ስለዚህ ልጻፈው።

ሰው ጓሮው ሁለት መደብ ጎመን ቢተክል ምን ገዶኝ? ጎመን በጤና! እኔ የምከሰው ሰው ጓሮ መያዙ ቀርቶ ጓሮው ሰውን ሲይዘው ነው። ሲይዝ ደግሞ ያስታውቃል።

አንኮበር ዘመድ ቤት ተዝካር የሄድን ጊዜ ምን ሆነ? ሰው ሁሉ ድንኳን ውስጥ ቁጭ ብሏል። እርስዎ የሉም። ስፈልግዎት ከቤቱ ጀርባ አጎንብሰው አገኘሁዎት። ሐዘኑ የበረታብዎት መስሎኝ ደነገጥኩ። ለካ ጤና አዳም እየቆረጡ ነው! ቦርሳዎ ውስጥ መስታወት የለም፣ ማበጠሪያ የለም፤ ምላጭ ግን አይጠፋም። ቅርንጫፏን በእርጥብ ሶፍት ጠቅልለው፣ ነጠላዎ ጫፍ ላይ ቋጥረው፣ ተመልሰው ገብተው አለቀሱ።

ሌላ ሰው ማታ ቀና ብሎ ኮከብ ሲያይ ፍቅረኛው ትዝ ትለዋለች። እርስዎ ኮከብ ሲያዩ "ወይኔ ቲማቲሜ!" ይላሉ። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን አውቀዋለሁ። በሬ ይከፈታል፣ ብርድ ልብሴ ይገፈፋል፣ "አንተ ጋቢ አለህ" እባላለሁ። ጠዋት ስወጣ ቲማቲሙ ተሸፋፍኖ ተኝቷል። ብርድ ልብስ ፋብሪካ ባለበት ከተማ ብርድ ልብስ አጥቶ የሚያድር እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

ደግሞ ለቲማቲም! እኛ ያለነው ከ2,800 ሜትር በላይ ላይ ነው። ሸዋሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በመኪና 100 ኪሎ ሜትር እንኳ አትሞላም። ጣርማበርን አልፈው፣ ደብረ ሲናን አልፈው ቢወርዱ ቲማቲሙ በሳጥን፣ ሽንኩርቱ በጆንያ፣ ማንጎው በየመንገዱ ነው። እዚህ ውርጭ ላይ ቲማቲም ማስታመም ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው።

ሸዋሮቢት ካልን አይቀር፣ ያን ቀን ያደረጉኝን ሰው ይስማልኝ። ለሥራ ስወርድ "ከሮቢ ወንዝ ትንሽ አሸዋ ይዘህልኝ ና" አሉ። ሰው ከዚያ ማንጎ ይዞ ይመጣል፤ እኔ በማዳበሪያ ከረጢት አሸዋ ተሸከምኩ። ረዳቱ ሊጭነው ብድግ ሲያደርገው ወገቡን ያዘ።

"ወንድሜ፣ ምንድን ነው እንዲህ የሚከብደው?"

"አሸዋ።"

"ምን?"

"አሸዋ ነው ያልኩህ።"

ደብረ ሲና ስንደርስ መኪናው በሙሉ ሰምቷል። የጣርማበርን ዳገት ስንወጣ አንድ አዛውንት ዞር ብለው በጣም በሐዘኔታ "ልጄ፣ ደብረ ብርሃን አሸዋ ጠፋ እንዴ?" አሉኝ። ምን ብዬ ልመልስ? እህቴ ቲማቲም አላት ልበል?

ከሁሉ የባሰችው ግን ፖሟ ነች። እኔ ሠላሳን ካለፍኩ ቆየሁ፤ ሚስት የሚፈልግልኝ የለም። እርስዎ ግን ለፖሟ ባል ፍለጋ ከቀበሌ ቀበሌ ዞሩ። ሽማግሌ መላክ ነበር የቀረዎት።

ተከሳሽ (እህት)

አንተ ልጅ፣ ብርድ ልብሱን ወስጃለሁ። ዘንድሮም እወስዳለሁ። ለምን እንደምወስደው ግን ዘለልከው።

ውርጭ ከላይ የሚወርድ ይመስልሃል። መሬት ቀን ስትሞቅ ውላ ማታ ሙቀቷን ትለቃለች። ደመና ካለ ያግደዋል። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ግን ሰማያችን ጥርት ይላል፤ ሙቀቱ ወደ ላይ ይሄዳል፣ ቀዝቃዛው አየር ረባዳው ላይ ይተኛል። የእኛ ጓሮ ደግሞ ረባዳ ነው። ኮከብ የማየው ለዚህ ነው። ልብሱ ራሱ ሙቀት የለውም፤ ከአፈሩ የሚወጣውን አፍኖ ያቆያል። ስለዚህ ዙሪያውን እስከ መሬት መውረድ አለበት። የእኔ ብርድ ልብስ ጠባብ ነው፣ የአንተ ሰፊ ነው። ምን ላድርግ?

ጎመኑንማ መቼ አለበስኩት? ጎመን ውርጭ ሲመታው እንዲያውም ይጣፍጣል። ብርዱን ለመቋቋም ቅጠሉ ውስጥ ስኳር ያከማቻል። ልብስ የሚያስፈልገው ለቲማቲምና ለቃሪያ ነው።

የሸዋሮቢት ቲማቲም ምን ይወጣለታል፤ ግን ያን ሁሉ ዳገት ሳይፈርጥ እንዲወጣ ጥሬውን ይለቀማል። ግንዱ ላይ የቀላ ሌላ ነው። ባለፈው ጠዋት በቃሪያና በሎሚ ቆራርጬ ያቀረብኩልህ ጊዜ ሰሃኑን በእንጀራ የጠረገው ማን ነበር? ያኔ ስለ ከፍታ ምንም አላነሳህም።

አሸዋው ለችግኝ ነው። ጥቁር አፈራችን ክረምት ውሃ አቁሮ ይቀመጣል፣ በጋ ይሰነጣጠቃል። ትንሽ ችግኝ እዚያ ውስጥ ሥሯ ይታፈናል። ለቀረው መሬት ደግሞ መደቡን ከፍ ማድረግ ነው። እነዋሪ አካባቢ ሴቶችና ልጆች በእጃቸው አፈሩን እየቆለሉ፣ ሰፋ ያለ መደብ እየሠሩ፣ ውሃውን በቦይ ሲያንጠፈጥፉ የኖሩት ለዚሁ ጥቁር አፈር ነው። እነሱንም ጠበል ትልካቸዋለህ?

ፖሟን አታሽሟጥጥባት። ዝርያዋ አና ነው። ብቻዋን አበባ ታወጣለች እንጂ ፍሬ መያዙ አይሆንላትም፤ ንብ ከሌላ ዝርያ የአበባ ብናኝ ካላመጣላት ከንቱ ነው። ከእሷ ጋር እኩል የሚያብበው ዶርሴት ጎልደን የሚባለው ነው። ፈለግኩ፣ አገኘሁ፣ አጠገቧ ተከልኩ። የአንተን ጉዳይ ከፖም ጋር አታገናኘው። ያገኘሁልህን ልጅ "ገና ከመግባቷ ቆስጣ ቆስጣ አለች" ብለህ የሸሸኸው አንተ ነህ።

ከሳሽ (ወንድም)

እውቀቱማ አለዎት፤ ማን ካደ? ሐኪምስ ይታመም የለም እንዴ?

ልጅቷን የሸሸሁት አንድ ግቢ ውስጥ ሁለት ስለማይቻል ነው። አንዷ ብርድ ልብሴን፣ አንዷ አንሶላዬን ልትወስድ?

አሁን የኩበቱን ነገር ላንሳ። ደጋው ላይ ኩበት ምን እንደሆነ ለእርስዎ አይነገርም። እንጨት ውድ ነው፤ ስንቱ ቤት የሚጋግረውም የሚሞቀውም በኩበት ነው። እርስዎ ግን ጎረቤቶቻችን ሊጠፈጥፉት ያሰቡትን እበት በባልዲ ይለምናሉ። የጋሪ ፈረስ በራችን ላይ ከቆመ አካፋ ይዘው ይወጣሉ። ባለጋሪው አሁን እርስዎን ሲያይ ራሱ ይቆማል።

ያ ሁሉ ተከምሮ ምን ይሆናል? ይሞቃል! አንድ ጠዋት ከጓሮ የሚጨስ ነገር አይቼ ቤቱ ተቃጠለ ብዬ ጀሪካን ይዤ ሮጥኩ። ስደርስ እርስዎ እጅዎን እስከ ክርን ክምሩ ውስጥ ከተው ቆመዋል። ፊትዎ በርቷል። "ና ንካው፣ እንዴት እንደሞቀ!" አሉኝ። እኔ ማታ በጋቢ ብቻ ተንቀጥቅጬ ያደርኩ ሰው ነኝ። እበት ከእኔ የተሻለ አደረ።

ቤት ውስጥም ነፃ ቦታ የለም። የእንቁላል ቅርፊት መስኮት ላይ ይሰጣል። ጎረቤት ቡና ሲጠራን "አተላውን እንዳትደፉት" ይላሉ፤ ፌስታልም ይዘው ይሄዳሉ። ባዶ ሃይላንድ መጣል ክልክል ነው፤ ተቆርጦ ችግኝ ይለብሳል። ውሃ በፈረቃ ስለሆነ ሰላጣ የታጠበበት ውሃ እንኳ መድፊያው ቦታ ይነገረኛል። ያን ቀን በረዶ ሲወርድ ደግሞ ሰው ሁሉ ወደ ቤት ሮጠ፣ እርስዎ ወደ ውጭ። ጃንጥላ ይዘው ነው፤ ጥሩ። ጃንጥላውን ግን የዘረጉት ሰላጣው ላይ ነው። በረዶው ራስዎን ሲወግርዎት በመስኮት አይቻለሁ።

እንግዳውስ? ቡና ሳይቀርብለት ጓሮ ይገባል። "ይቺ ያኔ ስትመጣ እዚህ ጋ ነበረች፤ አሁን እያት!" ይባላል። ምስኪኑ ሰው ሽንኩርት አድጋ በማየቱ መደነቅ አለበት። ያልተደነቀ ሁለተኛ ዙር ይዞራል።

ተከሳሽ (እህት)

ያ ምስኪን እንግዳ ሲወጣ ቆስጣና ካሮት በፌስታል ይዞ እንደሚወጣ አልጻፍክም። ሁለተኛ ዙር የሚዞረውም ራሱ ፈልጎ ነው።

በኩበት አትምጣብኝ። እኛ የምንጋግረው በኤሌክትሪክ ምጣድ ነው፤ የማንንም ምድጃ አላቀዘቀዝኩም። የምለምነውም ከሚተርፈው ነው። ደግሞስ እበት የመሬት ቀለብ አይደለም? ምድጃ ውስጥ ሲነድ አንድ እንጀራ ጋግሮ አመድ ይሆናል፤ መሬቱ ጦሙን ያድራል። ከዚያ ገበሬው ማዳበሪያ በብድር ይገዛል። ሌላ ማገዶ የሌለውን ሰው አልወቅስም፤ ምን ያድርግ? እኛ አማራጭ እያለን የመሬቱን ቀለብ ለምን እናቃጥላለን?

እጄን የከተትኩትም ሊሞቀኝ ብዬ አይደለም፤ መብሰሉን ለማየት ነው። በደንብ የተሠራ ክምር መሃሉ 60 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል። ያኔ የአረሙን ዘር ይገድልልሃል። ሳይበስል ብትጠቀምበት ለጋ ችግኝ ያቃጥላል። ትኩስ ፍግ የገባበት መደብ ላይ ካሮት ዝራና እይ፤ ሁለት እግር አውጥቶ ሱሪ ሊለብስ የተዘጋጀ ይመስላል። እንግዳ ፊት የሳቅክበት ካሮት እንደዚያ የሆነው አንተ "ልርዳዎት" ብለህ ያልበሰለውን ስለበተንክ ነው። አሁን ሰው ይወቀው።

ሁዳዴ 55 ቀን ነው። ጎመኑ፣ ቆስጣው፣ ቀይ ሥሩ፣ ድንቹ ከየት ነበር የሚመጣልህ? ገበያ ስትሄድ አላየሁህም። አንድ ቀን እንኳ "እትዬ፣ ይሄ ጎመን በሽታ አለበት፣ አልበላም" አላልክም።

ጠበሉን በተመለከተ እሄዳለሁ፤ እምቢ አላልኩም። ሄጄም አውቃለሁ። መውረጃው ላይ ኮሰረት አለ።

የጃንጥላው ልክ ነው። ሰላጣው ግን ተርፏል።

ብርድ ልብስህን ከፈለግክ ደግሞ አንድ መንገድ አለ። ጥቅምት ሳይገባ ጆንያ ፈልግልኝ። የላስቲኩን አይደለም፤ የቃጫውን። አራቱን ጎን ለጎን ከሰፋኋቸው የቲማቲሙን መደብ እስከ መሬት ይሸፍኑልኛል። ሸዋሮቢት ለሥራ መውረድህ ስለማይቀር ከዚያው ይዘህ ና። ባዶውን ከምታመጣቸው ደግሞ አንዱ ውስጥ አሸዋ ጨምርበት።