ልብስ ሰፊው ይቆየን

እንደ 18ኛው ክፍለ ዘመን የለንደን መኳንንት ልጅ ዕዳ አክባሪ ከየት ይገኛል? ሌሊት በቁማር የተበላውን ገንዘብ ውሎ ሳያድር ቆጥሮ ይሰጣል። ደረሰኝ የለ፣ ዋስ የለ፣ ቃሉ ብቻ። ስሙም «የክብር ዕዳ» ነው። የልብስ ሰፊው፣ የጫማ ሰፊውና የሻማ ሻጩ ሒሳብ ክብር ስለሌለው ከዓመት ዓመት በዱቤ መዝገብ ላይ ያድራል።

ይህን ነውር የሚል ሰው ሕግ አያውቅም። በ1710 (ዘመኑ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው) የወጣው አዋጅ ለቁማር ዕዳ የተፈረመን ወረቀት ሁሉ ከንቱ አድርጎታል። በአንድ ቁጭታ 10 ፓውንድና ከዚያ በላይ የተበላ ሰውማ በሦስት ወር ውስጥ ከስሶ ማስመለስም ይችላል። ልብስ ሰፊው ግን ከጎኑ ዳኛ አለ። ታዲያ ጨዋው ልጅ መክሰስ የሚችለውን ትቶ መክሰስ የማይችለውን ቢያስቀድም፣ ይህ ለደካማ ማዘን አይደለም ወይ?

ክብሩ የራሱ አለባበስ አለው። በ1764 ፓል ማል ጎዳና ላይ በተከፈተው አልማክ ክበብ፣ እንደ ጠረጴዛው 20 ወይም 50 ጊኒ ፊቱ ያላስቀመጠ አይጫወትም። ጊኒ 21 ሺሊንግ የምታወጣ የወርቅ ሳንቲም ናት። የጌታው ልጅ ሲገባ ጥልፍ ልብሱን ያወልቅና ሻካራ ካፖርት ይደርባል፤ ወይም ዕድል እንዲቀናው ኮቱን ገልብጦ ይለብሳል። የእጅጌው ዳንቴል እንዳይቆሽሽ ቢላዋ የሚወለውሉ አሽከሮች የሚያስሩትን ቆዳ ያስራል። መብራቱ ዓይኑን እንዳይወጋው፣ ጠጉሩም እንዳይፈርስ፣ በአበባና በሪባን ያጌጠ ሰፊ የገለባ ባርኔጣ ይደፋል። ጎኑ ሻይ የሚቀመጥባት ትንሽ ጠረጴዛ አለች። ካፖርቱም ዳንቴሉም የዱቤ ነው፤ ጊኒው ብቻ ጥሬ ገንዘብ ነው።

ሐዛርድ የሚሉት ጨዋታ በሁለት ዳይስ ነው። ወርዋሪው ከ5 እስከ 9 አንድ ቁጥር ይጠራል፤ 7 ጠራ እንበል። በመጀመሪያው ውርወራ 7 ወይም 11 ከወጣ በላ፤ 2፣ 3 ወይም 12 ከወጣ ተበላ። ሌላ ቁጥር፣ ለምሳሌ 4 ከወጣ፣ 4 እስኪደገም ይወረውራል፤ ተንኮሉም እዚህ ነው። ቅድም ያበላው 7 አሁን በላተኛው ሆኗል። ሁለቱ ዳይስ ሊወድቁ ከሚችሉባቸው 36 መንገዶች 4 የሚወጣው በሦስቱ፣ 7 ደግሞ በስድስቱ ነው። ይህን ሒሳብ ልብስ ሰፊው በጣቱ ይቆጥረው ነበር፤ ምን ያደርጋል፣ ክበቡ አያስገባው።

ጥሬ ገንዘብ ሲያልቅስ? አራጣ አበዳሪ ደጅ ነው። የርስቱ መሬት በቤተሰብ ውል ታስሮ ስለማይሸጥ ወራሹ «አባቴ ሲሞቱ እከፍላለሁ» ብሎ ይፈርማል። እንዲህ ያለ የልጅ ፍቅር! የአባቱን ጤና ከልቡ የሚጠይቅ አበዳሪም ያገኛል።

የዚህ ሁሉ አክሊል ቻርልስ ጀምስ ፎክስ ነው። በ1768፣ በ19 ዓመቱ፣ ለዕድሜው ሕግ ሳይጨነቅ ሚድኸርስት ከተባለው የምርጫ ወረዳ የእንግሊዝ ምክር ቤት ገባ፤ የምክር ቤት አባል ደግሞ በዕዳ አይታሰርም። አባቱ ሎርድ ሆላንድ በ1774 ከመሞታቸው በፊት የከፈሉለት የቁማር ዕዳ 140,000 ፓውንድ ያህል ነው። በዚያው ዓመት ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ከጎንደር ለንደን ተመልሶ ጥሬ ሥጋ ስለሚበሉ ሰዎች ሲያወራ ብዙ ጨዋዎች አላመኑትም። ኮት ገልብጦ ዕድል መጥራት ግን ያለ ነገር ነው።

በ1781 አንድ አበዳሪ የፎክስን ዕቃ ሲያስወርስ ደራሲው ሆራስ ዋልፖል በሴንት ጀምስ ጎዳና ያልፍ ነበር። ከፎክስ ደጅ ጋሪ ቆሟል፤ ተሸካሚዎች የመዳብ ድስትና አሮጌ ኮሞዲኖ ይጭናሉ። ዋልፖል ወደ ገዛ ቤቱ ሲመለስ ፎክስን ደጁ ላይ አገኘው፤ ፎክስም ጠጋ ብሎ፣ ጋሪው የሌላ ሰው ይመስል፣ ለምክር ቤት ስለቀረበው የጋብቻ ሕግ ያጫውተው ጀመር።