ሽጉጥ ይዞ ፖቶማክን መሻገር፦ በማንስማማበት ሕግ መገዛት አለብን?

ቨርጂኒያ የምትሰጠውን ሽጉጥ የመያዝ ፈቃድ ሜሪላንድም ሆነች ዋሽንግተን ዲሲ አይቀበሉትም። በሦስቱ መካከል በየቀኑ የሚመላለሱ ኢትዮጵያውያን ደግሞ ብዙ ናቸው። ሕጉ ትክክል አይደለም ብሎ የሚያምን ባለፈቃድ ድንበሩ ላይ ሲደርስ ምን ያድርግ? በዚህ ጥያቄ ላይ ሁለት ሰዎች በጽሑፍ ተከራክረዋል። አንዱ በቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያ ከተማ የሚኖርና ዲሲ ውስጥ ሱቅ ያለው ነጋዴ ነው፤ ሁለተኛዋ በሜሪላንድ የሲልቨር ስፕሪንግ ነዋሪ የሆነች የፍርድ ቤት አስተርጓሚ ናት።

ነጋዴው፦

ፈቃዴን ያገኘሁት በልመና አይደለም። ሥልጠና ወስጄ፣ ወንጀል እንደሌለብኝ ተጣርቶ፣ የቨርጂኒያ ፍርድ ቤት የሰጠኝ ነው፤ ለአምስት ዓመት ያገለግላል። ሽጉጡ የሚያስፈልገኝ ግን ቤቴ ውስጥ አልጋዬ አጠገብ ሳይሆን ዲሲ ውስጥ፣ ማታ ሱቄን ዘግቼ የቀኑን ገቢ ይዤ ወደ መኪናዬ ስሄድ ነው። ጠዋት የፖቶማክን ወንዝ ስሻገር ያው ሰው ነኝ፣ መሣሪያውም ያው ነው፣ መዝገቤም እንደ ትናንቱ ንጹሕ ነው፤ ሆኖም ወንጀለኛ እሆናለሁ። የዉድሮው ዊልሰንን ድልድይ ተመልከቱ። ከአሌክሳንድሪያ ተነስቶ ሜሪላንድ እስኪደርስ በመሐል የዲሲን ደቡባዊ ጫፍ ነክቶ ያልፋል። አንድ ድልድይ ላይ ሦስት ሕግ አለ።

መንጃ ፈቃዴ እስከ ካሊፎርኒያ ድረስ ይሠራል፤ መኪና ደግሞ በየቀኑ ሰው ይገድላል። ሕይወቴን እንድጠብቅ የተሰጠኝ ፈቃድ ለምን ወንዝ መሐል ላይ ይሞታል?

ሸክሙ የሚወድቀው በማን ላይ እንደሆነም እንመልከት። ዘራፊ ፈቃድ አያወጣም፣ ድንበርም አይቆጥርም። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ2013 አንዲት የፊላደልፊያ እናት የፔንሲልቬኒያ ፈቃዷን ይዛ ኒው ጀርሲ ገባች። ትራፊክ ፖሊስ ሲያስቆማት ሽጉጥ መያዟን ራሷ ነገረችው፤ እውነቱን በመናገሯ ታሰረች። ያንዣበበባት ከሦስት ዓመት የማያንስ እስራት ነበር። በ2015 የግዛቱ አገረ ገዢ ምሕረት እስኪያደርግላት ድረስ ኑሮዋ ተመሰቃቀለ። እንዲህ ያለ ሕግ ሊያስረኝ ይችላል፤ ሕሊናዬን ግን አያስገድደውም። ማንንም ሳልጎዳ፣ ማንንም ሳላስፈራራ ይዤ ባልፍ በደልኩ አልልም።

አስተርጓሚዋ፦

ወንድሜ፣ ሕጉ የተዘበራረቀ ነው በሚለው አልከራከርዎትም። የዚያችን እናት ጉዳይ ያነሱት ግን ለእኔ ክርክር ነው የሚጠቅመው። እርሷ ሳታውቅ ነው የተሻገረችው፤ እርስዎ እያወቁ ልሻገር ነው የሚሉት። አገረ ገዢው ለእርሷ የዘረጋው እጅ ለእርስዎ አይዘረጋም።

በሥራዬ ምክንያት በተከሳሽና በዳኛ መካከል ቆሜ ብዙ ሰዓት አሳልፌአለሁ። ስለዚህ ወገኖቻችን ከሁሉ አስቀድመው እንዲያውቁት የምፈልገውን ልንገርዎት። ዲሲ ውስጥ ያለ ፈቃድ ሽጉጥ መያዝ እስከ አምስት ዓመት ያስቀጣል። ከዚያም የሚከፋ አለ። በፌዴራሉ የኢሚግሬሽን ሕግ መሠረት፣ ዜጋ ያልሆነ ሰው ከገባ በኋላ በማንኛውም ጊዜ መሣሪያን ከሕግ ውጭ በመያዝ ከተፈረደበት ከአገር ሊባረር ይችላል። መተኮስ አያስፈልግም፣ ማስፈራራትም አያስፈልግም፤ መያዙ ብቻ ይበቃል። ቨርጂኒያ ደግሞ ግሪን ካርድ ላለው ሰውም ፈቃድ ትሰጣለች። እንግዲህ ፈቃዱን በኪሱ ይዞ፣ አባወራ ሆኖ፣ ቤት ገዝቶ፣ ግብር ከፍሎ የሚኖረው ሰው በአንድ ምሽት የተሳሳተ መታጠፊያ ሃያ ዓመት የገነባውን ሊያጣ ነው። እርስዎ ዜጋ ይሁኑ አይሁኑ አላውቅም። ምክርዎን ሰምተው የሚከተሉዎት ግን ሁሉም ዜጎች አይደሉም፤ እንዲህ ያለ ሐሳብ በአደባባይ ሲጽፉ ይህን ማሰብ ነበረብዎት።

ደግሞም የዲሲ ነዋሪ ሰው ነው። ከተማው ውስጥ ማን መሣሪያ ይዞ ይሂድ የሚለውን የሚወስኑት እዚያ የሚኖሩትና የመረጧቸው ናቸው። አባቶቻችን «በሕግ አምላክ ሲሉት እንኳን ሰው ወራጅ ውሃ ይቆማል» ያሉት የተስማማንበት ሕግ ሲሆን ብቻ አይደለም።

ነጋዴው፦

እዚህ አገር ውሃው እየወረደ መብቴ ነው የሚቆመው፣ እህቴ።

የነገሩኝ ስለ ቅጣቱ ነው እንጂ ስለ ሕጉ ትክክለኛነት አይደለም። ቅጣቱ መክበዱ ሕጉን ፍትሐዊ አያደርገውም። የመሣሪያ ፈቃድ በዚህ አገር በማን ላይ ሲሠራበት እንደኖረ ታሪኩን እናውቃለን። በ1956 የማርቲን ሉተር ኪንግ ቤት በአላባማ ግዛት፣ ሞንትጎመሪ ከተማ ውስጥ በቦምብ ተመታ። ሚስቱና ሕፃን ልጁ ቤት ውስጥ ነበሩ። መሣሪያ የመያዝ ፈቃድ ሲያመለክት ባለሥልጣናቱ ከለከሉት። ከእርሱ በላይ ለሕይወቱ የሚሰጋ ሰው ከየት ይመጣ ነበር? «ከተማው ይወስን» ሲባል የወሰነው እንዲህ ነበር። ጥቁር ቆዳ ያለን ሰዎች ለየከተማው ሹም ፈቃድ ራሳችንን አሳልፈን እንድንሰጥ የሚመክረንን ሰው በጥርጣሬ ማየት አለብን።

አስተርጓሚዋ፦

ኪንግን ስላነሱልኝ አመሰግናለሁ፤ ይህ ታሪክ ለእኔም ያማል። ግን ምን እንዳደረገ ልብ ይበሉ። አመለከተ። ስሙን ጽፎ፣ በራፋቸው ሄዶ ጠየቀ። በኋላ ሕግ ሲጥስም በጠራራ ፀሐይ፣ ካሜራ ፊት፣ እጁን ለካቴና ሰጥቶ ነው የጣሰው፤ በ1963 በበርሚንግሃም የታሰረውም እንዲሁ ነው። ከሸሚዝ ሥር ደብቆ ወንዝ መሻገርን የዚህ ወገን አድርገው አያቅርቡት። የተደበቀ ነገር ማንንም አይሞግትም። ሕጉ ትናንት እንደነበረ ዛሬም አለ፣ እርስዎ ብቻ ወይ ያመልጣሉ ወይ ይያዛሉ።

ዲሲን ያሸነፋት ሰው ማን እንደሆነ ያውቃሉ? ከተማዋ ቤት ውስጥ እንኳ ሽጉጥ መያዝን ስትከለክል ስድስት ሰዎች ከሰሷት። የይግባኝ ፍርድ ቤቱ አምስቱን አሰናበተና አንዱን አስቀረ። ያ ሰው ዲክ ሄለር ነው። በጥበቃ ሥራው ላይ ሽጉጥ ይታጠቃል፣ ማታ ግን ቤቱ ሊይዘው አይችልም ነበር። እርሱ ብቻ ለምን ቀረ? ሽጉጡን ለማስመዝገብ ቅጽ ሞልቶ የተከለከለው እርሱ ብቻ ስለነበረ! በ2008 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 5 ለ 4 ፈረደለት። በ2022 የኒው ዮርክን ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ የሽጉጥ ፈቃድ ሕግ ያስጣሉት ሁለት ሰዎችም አመልክተው የተከለከሉ ናቸው። ለክርክሩ በር የከፈተላቸው ለሕጉ መገዛታቸው ነው። እርስዎ በድብቅ የሚያደርጉት ነገር ይህን በር አይከፍትም።

ለእርስዎም በሩ ክፍት ነው። ዲሲ «በቂ ምክንያት አቅርብ» የሚለውን ቅድመ ሁኔታ በ2017 በፍርድ ቤት ውሳኔ አጥታለች። ነዋሪ ያልሆነም ሰው ማመልከት ይችላል። 16 ሰዓት የክፍል፣ 2 ሰዓት የተኩስ ሥልጠና፣ ከዚያ ሽጉጡን ማስመዝገብ ነው።

ነጋዴው፦

18 ሰዓቱን አልፈራም። ሁለት ነገር ግን ይመልሱልኝ።

አንደኛ፣ ለሕግ መገዛት ያድናል የሚለው ሁልጊዜ እውነት አይደለም። ኮንግረስ በ1986 ለመንገደኛ መሸጋገሪያ የሚሆን ሕግ አውጥቷል። መነሻህና መድረሻህ መሣሪያ እንድትይዝ የሚፈቅዱልህ ከሆነ፣ ጥይቱን አውጥተህ ከእጅ በማይደርስበት የኋላ ዕቃ መጫኛ ካስቀመጥኸው በመሐል ያለው ግዛት አይነካህም ይላል። በ2005 አንድ የዩታ ሰው ይህን አምኖ በአውሮፕላን ወደ ፔንሲልቬኒያ ሲጓዝ ኒው ጀርሲ ላይ የሚቀጥለው በረራ አመለጠው። ሻንጣውን ተቀብሎ ሆቴል አደረ። ጠዋት አየር ማረፊያ ተመልሶ እንደ ደንቡ ሽጉጥ እንዳለው ሲያስታውቅ አሰሩት። በ2010 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ የፈረደው በእርሱ ላይ ነው፤ ሌሊቱን ሻንጣው በእጁ ስለነበር ከለላው ቀርቷል፣ ይልቅ እዚያው አየር ማረፊያ አደራ ማስቀመጥ ነበረበት ተባለ። በረራ ያመለጠው የደከመ መንገደኛ ይህን ከየት ያውቃል?

ሁለተኛ፣ አልፎ አልፎ የሚያሸንፈው የያዘው ነው። በመጋቢት 2025 የማሳቹሴትስ ከፍተኛው ፍርድ ቤት፣ የግዛቱን ፈቃድ ሳይዝ ከኒው ሃምፕሻየር የመጣን ሰው ክስ ውድቅ አድርጓል። የነጻነቱን በር የከፈተው ቅጽ አልነበረም።

አስተርጓሚዋ፦

የዩታው ሰው ተበድሏል። ያ ሕግ መስተካከል አለበት፤ ይህን ለመጻፍ አንድም ቀን አላመነታም።

የማሳቹሴትሱን ግን ሙሉውን ይንገሩ። ሰውየው የተከሰሰው በ2021 ነው፤ ሦስት ዓመት ከምናምን ክሱን አንጠልጥሎ ኖሯል። ነጻ የወጣውም ለባለሥልጣን የፈለገውን ያህል የመከልከል ሥልጣን ይሰጥ በነበረው አሮጌ ሕግ ስለተከሰሰ ነው። በዚያው ቀን ያው ፍርድ ቤት፣ በሌላ መዝገብ፣ የተሻሻለውን ሕግ አጽንቷል። ስለዚህ ዛሬ እርሱን አርአያ አድርጎ የሚሻገር ሰው እስር ቤት ነው የሚገባው። ደግሞ እንደ እርስዎ ያለ ጥቁር ሰው መንገድ ዳር ሲያስቆሙት ያለውን አደጋ አይርሱ። በ2016 በሚኒሶታ ሕጋዊ ፈቃድ ያለው ሰው፣ መሣሪያ እንደያዘ በትሕትና ለፖሊሱ ተናግሮ፣ መኪናው ውስጥ ተገድሏል፤ ፖሊሱም በነጻ ተሰናብቷል። ፈቃድ ያለው ይህ ከደረሰበት፣ የሚደብቀው ነገር ያለበት፣ ላብ የሚያጠምቀው፣ እጁን የት እንደሚያስቀምጥ የሚጨነቅ ሰው ምን ሊደርስበት ነው?

ነጋዴው፦

ዲሲ ላይ አመለክታለሁ እንበል። ነገ ኒው ዮርክ ዘመድ ቢያገባስ? በመንገዴ ላይ ሜሪላንድ፣ ዴላዌር፣ ኒው ጀርሲ አሉ። በየአንዳንዱ ደጃፍ ላይ ቅጽ ልሙላ? በ2017 የተወካዮች ምክር ቤት የአንዱ ግዛት ፈቃድ በሁሉም እንዲሠራ ሕግ አጽድቆ ነበር፤ ሴኔት ውስጥ ሞተ። ለዚያ ሕግ ድጋፍዎን ይሰጣሉ?

አስተርጓሚዋ፦

ያንን አልደግፍም። ሥልጠና የማይጠይቅ ግዛት የሰጠው ፈቃድ የእኔን ሰፈር እንዲገዛ አልፈልግም፤ እርስዎ ግን ለተወካይዎ ይጻፉ፣ ድምፅዎን ይስጡ፣ ይክሰሱ። የዲሲውን ማመልከቻ በዚህ ሳምንት ያስገቡ። እስኪመጣ ድረስ ሱቁን ከሌላ ሰው ጋር ይዝጉ፣ ገንዘቡንም ሳይመሽ ባንክ ያስገቡ። ኒው ዮርክ ለሠርግ ሲሄዱ ደግሞ ሽጉጡን ቤት ቆልፈውበት ይሂዱ።