ሰም፣ መብራትና እኔ

ደሴ ላይ ለጥርስ ቴክኒሽያን፣ ማለትም ለሰው ሠራሽ ጥርስ ሠሪ፣ የተግባር ምዘና መዘጋጀት እኮ ቅጣት ነው። ሲኦሲው (ይኸው የብቃት ምዘና) ደርሷል፣ እኔ ገና ከሰም ጋር ግብግብ ላይ ነኝ። ጠዋት የጦሳ ተራራ ብርድ ሲወርድ ሰሙ ድርቅ ይላል። ቢላዋ ሲነካው ፍርክስ! የታችኛው የመጀመሪያ መንጋጋ ጥርስ ብዙውን ጊዜ በማኘኪያው ላይ 5 ጉብታ አለው። ሁለት ሰዓት አጎንብሼ አራቱን ከሰሙ ቀርጬ አወጣሁ። አምስተኛው ከነጎኑ ተገንጥሎ ወደቀ። ስፈልገው ረገጥኩት።

እሺ፣ ሰሙስ ይሁን። የሰው ሠራሹ ድድ ፕላስቲክ፣ አክሪሊኩስ? ቀስ ብሎ እንዲበስል ከተፈለገ 74 ዲግሪ ገደማ በሆነ ውሃ ውስጥ 8 ሰዓት ያህል ይቆያል። 8 ሰዓት ሙሉ መብራት! ከየት ይምጣ? ባለፈው ሦስተኛው ሰዓት ላይ ድርግም አለ። ሲመጣ ቸኮልኩና ሙቀቱን ለቀቅኩት። አክሪሊኩ የሚቦካበት ፈሳሽ ደግሞ 100 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይፈላል፤ ሲፈላም ውስጡን አረፋ ያደርገዋል። ከፍቼ ሳየው ያ ሮዝ ድድ ዓይናም እንጀራ መስሏል። ለእንጀራ ቢሆን እንኳ ያስመሰግነኝ ነበር።

ጄሶውንና ሰሙን የምገዛው ከኪሴ ነው፤ እሱን ተዉት።

እናቴ ቶናውን ጀባ እያለች «አብሽሪ ልጄ፣ ጥርስ አይደል እንዴ!» ትለኛለች። ትናንት ደግሞ አንድ የጎረቤት አባት ጉንጫቸውን ይዘው መጡ። «እስኪ ይቺን ንቀይልኝ» አይሉኝም! እኔ የምሠራ እንጂ የምነቅል አይደለሁም ብል ማን ይስማኝ። «ታዲያ ይሄን ሁሉ ጊዜ ምን ስትማሪ ነበር?» ብለውኝ ሄዱ።