ማህደሩን የምታውቀው ልጅ

ባለፈው ክረምት ከፍራንክፈርት መጥቼ ቃሉ ወረዳ አክስቴ ዘንድ ሰንብቼ ነበር። የልጅ ልጇን ልናስከትብ ጤና ኬላ ስንወርድ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ገና በር ላይ አይታን «እትዬ፣ ቀጠሯችሁ እኮ ባለፈው ሳምንት ነበር፤ ምነው ቀራችሁ?» አለቻት። ከመደርደሪያውም የቤቱን ማህደር ሳታመነታ መዘዘችው። ጫፉ የተበላ ካርቶን ነው፤ ውስጡ ግን ቤተሰቡ እንዳለ አለ፦ ማን እርጉዝ እንደሆነች፣ የትኛው ልጅ ክትባት እንደጎደለው፣ ሽንት ቤት መኖር አለመኖሩ።

ጀርመን ውስጥ እንዲህ የሚያውቀኝ የጤና ሰው የለም። እ.ኤ.አ. በ2020 ኮሮና ሲገባ፣ በየወረዳው ያሉት የጤና ጽሕፈት ቤቶች ገና በፋክስ ይጻጻፉ ነበር። ማን ከማን ጋር እንደተገናኘ እየደወለ የሚያጣራ ሰው ስላጠራቸው ወታደር ሳይቀር ገብቶ አገዘ። ሆስፒታል የሞላው አገር ነው እንግዲህ! በዚያው ዓመት ለእነዚሁ ጽሕፈት ቤቶች 4 ቢሊዮን ዩሮ መደቡ፤ አብዛኛውም ለሰው ኃይል ነበር።

እኛ ይህን ሰው ቀድመን አግኝተነዋል። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በየቀበሌው ሁለት ሴቶችን፣ የአካባቢውን ልጆች፣ አንድ ዓመት አሠልጥኖ በደመወዝ ቀጠረ። በ16 የጤና አገልግሎት ፓኬጅ ከክትባት እስከ ወባ ያዳረሱት እነሱ ናቸው። በእኛ ቆላ ትኩሳት የያዘው ልጅ ደሙ ታይቶ መድኃኒቱን እዚያው ይወስዳል፤ ይህን በቀላል የሚያይ ወባ ያልያዘው ሰው ብቻ ነው።

በ2014ቱ ጦርነት ወሎ ውስጥ ስንቱ ጤና ተቋም ተዘረፈ። ከዚያ ወዲህ አቅም ግንባታ ሲባል የምሰማው ስለ ሕንፃና ስለ ዕቃ ነው። ዕቃው ያስፈልጋል። ግን የዚያ ጤና ኬላ ሁለተኛዋ ባለሙያ፣ ስንት ዓመት ቤት ለቤት የዞረችው ልጅ፣ ደመወዙ አላኖራት ብሎ ዓረብ አገር ለቤት ሠራተኝነት ሄዳለች። የሄደችው ግማሹን ቀበሌ በጭንቅላቷ ይዛ ነው። ከመሄዷ በፊት ደመወዟን አስተካክሎ፣ የትምህርት ዕድል ሰጥቶ የሚያስቀራት ቢገኝ ኖሮ፣ እኔ አቅም የምለው እሱን ነበር።

የቀረችው ብቻዋን ናት። ልጁን ከትባ ስትጨርስ በሩን ቆልፋ፣ የክትባት ሳጥኗን በትከሻዋ አንጠልጥላ ወደ ላይኛው ጎጥ ወጣች። እኛ ስንመለስ አንዲት እናት ያተኮሰው ልጇን አዝላ ቁልቁል ስትመጣ መንገድ ላይ አገኘናት።